አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ!

«ሰውዬውን ለቀቅ አድርጉት! እሱን ያሳሰበው የበጎቹ ነገር ብቻ ነው።»

«ብሮክባክ ማውንቴን» የተሰኘው ፊልም በተነሣ ቁጥር ይህን የሚል ሰው አይጠፋም። «ሰውዬው» የተባለው ጆ አጊሬ ነው፤ ሁለት ወጣት እረኞችን ቀጥሮ ወደ ተራራ የላከው፣ በኋላም አንዱን «ሥራ የለም» ብሎ የመለሰው አሠሪ። ጠበቆቹ እንደሚሉት አጊሬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራውን አክባሪ ነው። እረኞቹ በጎቹን ትተው በፍቅር ተጠመዱ፣ እሱም በቀጣዩ ዓመት ሥራ ነፈጋቸው። አለቀ። የትኛውም ነጋዴ ያንኑ ያደርግ ነበር ይላሉ።

ሙግቱ የበሰለ ይመስላል። «ስሜታችሁን ወደ ጎን ትታችሁ በሥራ ዓይን እዩት» የሚል ድምፀት አለው። ለእኔ ግን ይህ የብስለት ሳይሆን የልማድ ሙግት ነው። ቀጣሪው የሰጠውን ምክንያት ሳንጠይቅ እንቀበላለን፤ የተቀጣሪውን ግን እስከ አጥንቱ እንፈትሻለን። በሥራ ዓይን እንየው ከተባለ ደግሞ እሺ፣ በሥራ ዓይን እንየው። አጊሬ የሚወድቀው እዚያው ላይ ነው።

ፊልሙን ላላያችሁት ወይም ለረሳችሁት በአጭሩ ላስታውስ። አኒ ፕሩ አጭር ልቦለዱን በ«ዘ ኒውዮርከር» መጽሔት ላይ ያወጣችው በ1997 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው የአሜሪካ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ላሪ ማክመርትሪና ዳያና ኦሳና የፊልም ጽሑፉን ጻፉ፤ የታይዋን ተወላጁ አንግ ሊ ደግሞ በ2005 ለእይታ አበቃው፣ የኦስካር ምርጥ ዳይሬክተር ሽልማትንም ወሰደበት። ታሪኩ በ1963 በዋዮሚንግ ግዛት ይጀምራል። ኤኒስ ዴል ማርና ጃክ ትዊስት የተባሉ ሁለት ድሃ ወጣቶች ለአንድ የግጦሽ ወቅት በግ ሊጠብቁ ይቀጠራሉ። በተራራው ላይም ይዋደዳሉ። ፍቅራቸው በሕጉ ወንጀል ነው፤ በአካባቢው ሰው ዘንድ ደግሞ ሊያስገድል የሚችል ነው። አጊሬ አንድ ቀን ከሩቅ በባይኖኩላር ያያቸዋል። ዝም ይላል። በቀጣዩ ዓመት ጃክ ብቻውን ሥራ ሊጠይቅ ሲመጣ ግን ያየውን በሚያዋርድ አነጋገር ይነግረዋል፣ በጎቹን ችላ ማለታቸውን ይጠቅሳል፣ ከቢሮውም ያስወጣዋል።

ወደ ሙግቱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። ፊልሙ ስለ ሁለት ወንዶች ፍቅር ነው። ነገሩ በእኛ አገር በወንጀል ሕግ የተከለከለ፣ በአደባባይም የማይነሣ ነው። ብዙ አንባቢ በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም እንዳለው አውቃለሁ። የዛሬው ችሎት የተሰየመው ግን በአሠሪው ላይ ነው። እንዲያውም ለአጊሬ የሚቀርበው ጥብቅና ግማሽ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚሁ ይመስለኛል፤ የተበደለውን ሰው ስላልወደድነው የበደለውን ነጻ ማውጣት ይቀናናል። ፍትሕ የሚፈተነው ግን እዚህ ላይ ነው። ለሚወዱት ሰው መሟገትማ ማንም ያደርገዋል።

አሁን ለአጊሬ የሚባለውን ሁሉ በሙሉ ክብደቱ እናስቀምጥ።

እረኞቹ በርግጥ ሥራቸውን በድለዋል። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ባደሩበት ሌሊት በጎቹ ጠባቂ አልነበራቸውም፤ ኤኒስ ጠዋት ወደ መንጋው ሲመለስ አውሬ ሆዱን የዘረገፈው በግ ነው የጠበቀው። በኋላ መንጋው ቺሊያዊ እረኞች ከሚጠብቁት ሌላ መንጋ ጋር ተደባልቆ የማን የማን እንደሆነ መለየት እስኪያስቸግር ደርሷል። ወቅቱ አልቆ በጎቹ ሲወርዱ አጊሬ ቁጥሩ እንዳልሞላለት፣ ከመሀላቸውም የእሱ ያልሆኑ እንዳሉ ያያል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ከመንጋው ወደ ሩብ የሚጠጋው እንደጠፋበት ሲቀጥራቸው ነግሯቸዋል። በዚህ ላይ ለፖሊስ አልጠቆመም፤ ያን የመሰለው ግንኙነት በዋዮሚንግ እስከ 1977 ድረስ ወንጀል ነበርና ቢፈልግ ይችል ነበር። የጃክ አጎት ታምሞ ሆስፒታል ሲገባም መልእክቱን ይዞ ፈረስ ጭኖ ተራራ ድረስ ወጥቷል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። አንዱንም አልክድም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፤ ጃክን ያባረረው ይህ ነው ወይ?

አንደኛ፣ የራሱን የአጊሬን መዝገብ እንግለጥ። ያ ሩብ የሚጠጋ መንጋ የጠፋበት ዓመት 1962 ነው። በዚያ ዓመት ተራራው ላይ እረኛ ሆኖ የሠራው ማን ነበር? ጃክ ትዊስት። ራሱ ለኤኒስ ይነግረዋል፤ በአንድ መብረቅ ብቻ 42 በግ እንዳለቀ፣ አጊሬም አየሩን የሚያዝ ይመስል እንደ ጮኸበት። እንግዲህ አስቡት። ያ ሁሉ በግ ጠፍቶ፣ አጊሬ ጃክን ገሥጾ፣ በ1963 መልሶ ቀጠረው! የ1963ቱ ጉድለት ስንት እንደሆነ ፊልሙ አይነግረንም፤ ቁጥሩ ከተጠበቀው ማነሱን ብቻ ነው የምንሰማው። የጃክ በር የተዘጋው ግን ከዚህኛው በኋላ ነው። በሁለቱ ዓመቶች መሀል የጨመረው ነገር ምንድን ነው? በግ መጥፋቱ በሁለቱም አለ። በባይኖኩላር የታየው ነገር በአንዱ ብቻ አለ። በሥራ ዓይን እንየው ካላችሁ፣ ይህች ንጽጽር ብቻ ትበቃለች።

ሁለተኛ፣ ጊዜውን ተመልከቱ። አጊሬ ያያቸው ወቅቱ ሳያልቅ ነው። ለበጎቹ የሚቆረቆር ሰው እረኛው ከመንጋው ርቆ ሲያገኘው ምን ያደርጋል? «ተነሣ፣ ወደ በጎቹ ሂድ!» ይላል። ያለዚያም ሌላ ሰው ይተካል። አጊሬ በዚያች ሰዓት ጃክ ፊት ለፊት ቆሟል። የአጎቱን መታመም በደረቁ ነገረው፣ አንተ ሐኪም አይደለህም ምንም አታመጣም በሚል ስሜት ሸኘው። ስለ በግ አንድ ቃል አልወጣውም። ለምን? በዚያ ሰዓት ሠራተኞቹ ያስፈልጉታል፤ በወቅቱ መሀል ሌላ እረኛ ፈልጎ ተራራ ማውጣት ያስከፍለዋል። ያየውን ቋጥሮ አስቀመጠው። ቋጠሮውን የፈታው በቀጣዩ ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ ጃክ ለማኝ፣ እሱ ደግሞ ምንም የማይከስር ሰው ሆኖ ተቀምጧል። በእውነት በጎቹ የቆጩት ሰው ቅሬታውን በጎቹ አደጋ ላይ ባሉበት ሰዓት ያወጣዋል። ዓመት አቆይቶ፣ ለማዋረድ በሚመች ሰዓት የሚያወጣው ቂም ያለው ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ሁለቱን እረኞች እዚያ ሁኔታ ውስጥ ማን ከተታቸው? የግጦሹ መሬት የፌዴራሉ የደን አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ እረኞች የሚያድሩበትን ቦታ ወስኗል። አጊሬ ግን ገና ሲቀጥራቸው ደንቡን እንዲጥሱ ያዛል፤ አንዱ በተፈቀደው ሰፈር ይሁን፣ ሌላው ግን በድብቅ ከበጎቹ ጋር ይደር፣ ትንሽ ድንኳን ይትከል፣ እሳት አያንድድ፣ ጠዋት ድንኳኑን ጠቅልሎ ምልክት ያጥፋ። እራትና ቁርስ ሰፈር፣ መኝታ ተራራ ላይ ነው፤ ጃክ በቀን አራት ሰዓት በመንገድ እንደሚያልቅ እያማረረ ይናገራል። የደን ጠባቂ ቢይዝ የሚያዘው እረኛው ነው፤ አጊሬ ከተማ ነው ያለው። ሰው ቀንሶ፣ ማገዶ ከልክሎ፣ ሕግ አስጥሶ ትርፉን የሚጠብቅ አሠሪ ነው እንግዲህ «ሥራ አክባሪ» የተባለው። ያ የመጀመሪያው ሌሊት እንኳ የመጣው ኤኒስ መጠጥ ተጫጭኖት፣ መሽቶበት፣ ብርድ እየቆራረጠው ወደ ተራራው መመለስ ሲያቅተው ነው። ሠራተኛን በሚሰብር ደንብ አስገብቶ ሲሰበር «አየህ፣ ሰነፍ ነህ» ማለት የአጊሬ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ካለፍንባቸው መሥሪያ ቤቶች እናውቀዋለን።

የወቅቱን አጨራረስ ደግሞ አስታውሱ። ነሐሴ ሳይጋመስ በረዶ ይጥላል። አጊሬ ሌላ የከፋ ማዕበል ከፓስፊክ በኩል እየመጣ ነው ብሎ በጎቹን እንዲያወርዱ ያዛል። ኤኒስ የሚናደደው የአንድ ወር ደመወዝ ስለተቆረጠበት ነው። ማዕበሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በጎቹንም አድኖ ይሆናል። የማዕበሉን ዋጋ የከፈሉት ግን እረኞቹ ናቸው። በአጊሬ ዓለም ውስጥ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ሒሳቡ የሚወራረደው በሠራተኛው ኪስ ነው።

«አልጠቆመባቸውምኮ» ለምትሉ። ኤኒስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ወስዶ ያሳየው ነገር አለ፤ ከሌላ ወንድ ጋር ይኖር የነበረ ሰው ተደብድቦ ሬሳው የመስኖ ቦይ ውስጥ ተጥሎ። አካባቢው ያ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ «አውቄብሃለሁ» ማለት ብቻውን መሣሪያ ነው፤ መተኮስ አያስፈልገውም። መሣሪያውን ሳይተኩስ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ሰው ምሕረት አደረገ አይባልም። ከዚያም በላይ፣ ቢጠቁም ኖሮ እሱም ራሱ እረኞቹን ካልተፈቀደ ቦታ ለምን እንዳሳደረ መጠየቁ አይቀርም ነበር። ዝምታው የሚጠብቀው ራሱንም ነው።

እዚህ ላይ ግን ተቃራኒው ጽንፍ ውስጥ እንዳልገባ። አጊሬ በጥላቻ ብቻ የሚንቀሳቀስ ጭራቅ ነው አላልኩም። ስለ በጎቹ ማሰቡን አምናለሁ። በእኔ እምነት ሁለቱም አሉበት፤ የበጎቹ ጉዳይ እውነት ነው፣ ንቀቱም እውነት ነው። ጠበቆቹ የሚሳሳቱት አንዱ እውነት ሲገኝ ሌላው የጠፋ ስለሚመስላቸው ነው።

ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጅብ ከወንዙ በላይ፣ አህያ ከወንዙ በታች ሆነው ሲጠጡ ጅብ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» አላት። አህያም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለች። በተረቱ የጅቡ ክስ ዐይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ውሃ ሽቅብ አይደፈርስም። የአጊሬ ጉዳይ የሚከብደው በእሱ ወንዝ ውሃው በርግጥም ስለደፈረሰ ነው። አማርኛችን ይህን ያውቃል፤ «ማመካኘት» የሚለውን ቃል ያወጣው «ምክንያት» ከሚለው ነው። ምርጡ ሰበብ እውነተኛ ምክንያት ነው። ውሸት ይጋለጣል፤ ቦታውን የለወጠ እውነት ግን ለመያዝ ያስቸግራል።

የሕግ ሰዎች ይህን እንቆቅልሽ ከፊልም ተመልካች ቀድመው ፈትተውታል። በአጋጣሚ ጃክ ሥራ ተነፍጎ በተመለሰበት በ1964፣ ጁላይ 2 ቀን፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የሲቪል መብቶች ሕጉን ፈረሙ፤ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር ምክንያት ሠራተኛን ማግለል ተከለከለ። ይህ ሕግ እንደ ኤኒስና ጃክ ያለውንም ሠራተኛ ይጠብቃል ተብሎ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነው በጁን 2020 ነው፤ የቦስቶክ ጉዳይ በሚባለው፣ በ6 ለ3 ድምፅ። ውሳኔውን የጻፉት ወግ አጥባቂው ዳኛ ጎርሰች ናቸው። አንድ ድርጊት ከአንድ በላይ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል የመኪና ግጭት ምሳሌ አድርገው አስረድተዋል፤ አንዱ ቀይ መብራት ጥሶ፣ ሌላው ሲታጠፍ ፍሬቻ ሳያሳይ ቢጋጩ ሁለቱም ለግጭቱ ምክንያት ናቸው። አሠሪ «ሌላም ምክንያት ነበረኝ» ስላለ አያመልጥም። የሚጠየቀው ያ የተከለከለው ነገር ባይኖር ኖሮ ያው ውሳኔ ይወሰን ነበር ወይ ተብሎ ነው። እስቲ አጊሬን በዚህ ጠይቁት። መልሱ የ1962 መዝገብ ላይ አለ።

ይህ ሁሉ ግን ለጃክ አይደርስም ነበር። የሲቪል መብቶች ሕጉ ዛሬም 15 ሠራተኛ የሌለውን ቀጣሪ አይነካም። የ1935ቱ የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ የእርሻ ሠራተኛውን ከጥበቃው ውጪ አድርጎታል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ በክፍት ግጦሽ መሬት ላይ የሚውለውን እረኛ እስከ ዛሬ አይመለከተውም። አጊሬ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው አካል አልነበረም። ለዚህም ነው የቂሙን ነገር ሳይደብቅ ፊት ለፊት የተናገረው። ሰበብ የሚያስፈልገው የሚጠይቀው ያለበት ሰው ነው፤ ሰበቡን ለአጊሬ ያዘጋጁለት ተመልካቾቹ ናቸው!

አስቂኙን ልጨምር። አጊሬን ሆኖ የተወነው ራንዲ ኩዌድ በ2006 የፊልሙን ኩባንያ ከስሶ ነበር። ገንዘብ የሌለው ትንሽ ፊልም ነው ተብዬ ተታልዬ በአነስተኛ ክፍያ ሠራሁ፣ 10 ሚሊዮን ዶላር ይገባኛል አለ። ፊልሙ 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በመላው ዓለም ከ170 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ክሱን ከሳምንታት በኋላ ራሱ አነሣው፤ ልክ ነበር አልነበረም የሚለው አያገባኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። ጨካኙን አሠሪ የሆነው ሰው ሠራተኛ በሆነበት በኩል «አሠሪዬ የነገረኝ ምክንያት እውነተኛው ምክንያት አይደለም» ብሎ ፍርድ ቤት ለመሄድ ጠበቃም ውልም ነበረው። ጃክ ትዊስት ያለው ባርኔጣውና የቆመበት በር ነው።

እኛስ? ነገሩ የዋዮሚንግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሠራተኛን በጾታው፣ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ፣ በጋብቻው ሁኔታ ምክንያት ማሰናበትን ይከለክላል። ጥሩ ነው። ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠሩትን ግን ከሽፋኑ ውጪ አድርጓቸዋል፤ በቤታችን ልብስ የምታጥበዋን፣ ልጅ የምታሳድገዋን። እሷም እንደ ዋዮሚንጉ እረኛ «ለምን?» የሚልላት የላትም። አንድ ቀን ከጎረቤት ዘበኛ ጋር ስትሥቅ ታየች እንበል። ያን ዕለት ማንም ምንም አይላትም፤ በዓል ደርሷል፣ እንግዳ አለ፣ ሥራ አለ። ከወር በኋላ ግን ወጡ አረረ፣ ልጁ ወደቀ ተብሎ ሻንጣዋ በር ላይ ይቀመጣል። ወጡ አርሮ ይሆናል። ከዚያ በፊትም ስንቴ አርሯል፤ ያን ጊዜ አልተባረረችም። ጎረቤትም ሲሰማ «እመቤቲቱ ያሳሰባት የቤቷ ነገር ነው» ይላል። አጊሬን የሚከላከለው አፍ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፊልሙ አጊሬን የሚያሳየን ጥቂት ጊዜ ነው። ቤቱን፣ ልጅነቱን፣ የሚወደውን አናይም፤ ተጎታች ቢሮውን፣ ፈረሱንና ባይኖኩላሩን ብቻ ነው የምናየው። ጠበቆቹ የቀረውን ራሳቸው ሞልተውለታል፤ ዕዳ ይኖርበታል፣ ከላይ ጫና ይኖርበታል፣ ሰው ሆኖ ይደክማል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ይህን ደግነት ለጃክ አያውሉትም። የጃክ ድህነት ፊልሙ ውስጥ በግልጽ አለ፤ የኤኒስ ወላጆች በመኪና አደጋ መሞታቸው አለ፤ ለማግባት ገንዘብ ማጠራቀሙ አለ። ያ ሁሉ «በጎቹን ጠብቁ ተብለው የለ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጋል። ምናባችን እንኳ ለባለ ጉልበቱ ያደላል።

የአሠሪን ልብ ማየት አንችልም፤ የፊልሙንም የጎረቤታችንንም። መዝገቡን ግን ማየት እንችላለን። ለዚህ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ያንኑ ጥፋት ሌላ ጊዜ ወይም ሌላ ሰው ሲያጠፋው ምን አደረገ? ጥፋቱን ያወቀው መቼ፣ የተናገረው መቼ ነው? ሠራተኛው ለጥፋቱ የተዳረገበትን ሁኔታ ማን ፈጠረው? አጊሬ በሦስቱም ወድቋል። በ1962 ይቅር ያለውን በ1964 ይቅር አላለም፤ ያየውን የሚጠቅመው ቀን እስኪመጣ ሰወረው፤ ጥፋቱ የተወለደበትን ብርድና ርቀት ራሱ አዘዘው።

እንግዲህ «ሥራዋን ስላልሠራች ነው»፣ «ሥራውን ስለበደለ ነው» የሚል ቃል ስትሰሙ ወዲያው «አዎ» አትበሉ። ሦስቱን ጠይቁ። ምክንያቱ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ያባረራት እሱ መሆኑን ጠይቁ።